የተገኘውን ሰው ሳይሆን ሥራውን የሚያውቀውን



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ብዙዎቻችሁ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት ወይም አይቲ ተምራችሁ ሥራ በማፈላለግ ላይ ናችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ በአባት ወይም በአጎት ሱቅና መጋዘን ውስጥ ትሠራላችሁ። ዛሬ የምናጫውታችሁ ነገር ሁለታችሁንም ይመለከታል። አንድ ድርጅት አዲስ የክላውድ ሶፍትዌር ሲያስገባ ሥራው ላይ ማንን ይመድባል? ጥያቄው ይቺ ናት። ስትሰሟት ደረቅ ትመስላለች። ነገር ግን በዚች ጥያቄ ላይ በተሠራ ስህተት የአንድ አባት የ22 ዓመት ስም ሊጠፋ ሲል በዓይናችን አይተናል። በስህተቱ ውስጥም የእኛ እጅ ነበረበት። ስለዚህ ሌላውን ከመምከራችን በፊት የራሳችንን እንናገር።

እኛ ያደግነው በመድረሳ ነው። አሁን በመስጂዳችን የኢማሙ ረዳት ነን፤ ልጆች እናስቀራለን፣ ኢማሙ ሲታመሙ ወይም መንገድ ሲወጡ እናሰግዳለን። ይህ ብቻውን ቤት አያስተዳድርምና ጠዋት ጠዋት በአንድ ጅምላ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ሰነድ እንመዘግባለን። ድርጅቱ ሳሙና፣ ዘይት፣ ዱቄትና ፓስታ ያከፋፍላል። ዋናው መጋዘን ኮምቦልቻ ነው፤ ሱቆቹ ደግሞ ደሴና በዙሪያዋ ናቸው። ባለቤቱን ሁላችንም «ሐጂ» ነው የምንላቸው።

የድርጅቱ ሒሳብ ለዓመታት የተሠራው በፒችትሪ ነበር። መጋዘኑ ደግሞ በቢን ካርድና በስቶር ኪፐሩ ደብተር ይመራል። ሱቆቹ የሚፈልጉትን በስልክና በቴሌግራም ያዛሉ፤ ማታ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሁሉንም ኤክሴል ላይ ይገለብጣል። ሐጂ ጠዋት «ስንት ካርቶን ዘይት አለን?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ የሚመጣው ከዙህር በኋላ ነው። ልጆቻቸው ወተወቷቸውና ኢአርፒ የሚባለውን ሲስተም በክላውድ ለማስገባት ወሰኑ።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ እናስረዳ። ኢአርፒ ማለት ግዢ፣ ሽያጭ፣ መጋዘን፣ ሒሳብና ደመወዝ በአንድ ሲስተም ተያይዘው የሚሠሩበት ሶፍትዌር ነው። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ካርቶን ሲወጣ የደሴው ሱቅም የሒሳብ ክፍሉም እኩል ያየዋል። ክላውድ ሲባል ደግሞ ሶፍትዌሩ በቢሮህ ባለ ሰርቨር ላይ አይቀመጥም፤ ሻጩ ዘንድ ሆኖ አንተ በኢንተርኔት ትጠቀምበታለህ፣ በተጠቃሚ ቁጥርም በየወሩ ወይም በየዓመቱ ትከፍላለህ። እኛ በኪራይ ቤት እንመስለዋለን። ጣሪያው ቢያፈስ የሚጠግነው አከራዩ ነው። አንተ ግን ግድግዳውን እንደፈለግህ አታፈርስም፤ ዕቃህን ቤቱ በሚፈቅደው መልክ ታሰናዳለህ። ዕቃውን ለማሰናዳት ደግሞ ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው፤ እኛ ግን ያን ጊዜ አልገባንም።

አማካሪ ድርጅቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚፈልጋቸውን ሰዎች ዝርዝር ላከ። ውሳኔ የሚሰጥ አንድ የበላይ፣ አንድ ፕሮጀክት ማናጀር፣ ለሒሳብ፣ ለግዢ፣ ለሽያጭና ለመጋዘን አንዳንድ «ቁልፍ ተጠቃሚ»። እነዚህ ሰዎች ለአራት ወር ከሳምንቱ ግማሹን ለፕሮጀክቱ ብቻ እንዲሰጡ ጠየቀ።

ሐጂ ወረቀቱን አይተው ሳቁ። «ይህን ሁሉ ሰው ከሥራ ካወጣሁ ሱቁን ማን ሊሸጥልኝ ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ስለዚህ ዝርዝሩ በወረቀት ላይ ሞላ፤ በተግባር ግን እንዲህ ሆነ። ፕሮጀክት ማናጀር የተባለው ትልቁ ልጃቸው ነው፤ እሱ ግዢውንም የጭነት መኪናዎቹንም ይመራል። ለሒሳብ የተመደበው ዋናው አካውንታንት ነው፤ እሱ ደግሞ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 የሚዘጋበት ሩጫ ላይ ነበር። ለሽያጭ ከተቀጠረች ሁለት ወር ያልሞላት እህት ተመደበች፤ ከሁሉም ሥራ የቀለላት እሷ ስለነበረች ነው። ለመጋዘንስ?

ለመጋዘን የተመደብነው እኛ ነን።

«ኡስታዝ ጽሕፈቱ ጥሩ ነው፣ አማና ያውቃል፣ ከሰዓት በኋላም እስከ አስር ድረስ ትርፍ ጊዜ አለው» ተባለ። ስቶር ኪፐሩስ ሲባል «እሳቸው ኮምፒውተር አያውቁም፤ አናድክማቸው» ተባለ። እሳቸው በዚያ መጋዘን 22 ዓመት ሠርተዋል። እኛ መጋዘኑን የምናውቀው ከሚወጣው ሰነድ ብቻ ነው። ደስ ብሎን ግን ተቀበልን። ላፕቶፕ ተሰጠን፣ ስብሰባ ላይ ስማችን ተጠራ። እናውቃለን አላልንም፤ አናውቅምም አላልንም። ዝም ብለን ተቀመጥን።

ሁለተኛው ስህተት በገንዘብ ቁጠባ ስም መጣ። ሶፍትዌሩ የሚከፈለው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በዶላር የሚከፈል ነገር በብር ምን ያህል እንደናረ ታውቃላችሁ። ለ12 ሰው ሊገዛ የታሰበው ለስምንት ሆነ። የመጋዘኑ ዩዘርኔም በስቶር ኪፐሩ ስም ተከፈተ። የሚገባበት ግን ሦስት ሰው ነው፤ እኛ፣ የጭነት ተቆጣጣሪው እና አልፎ አልፎ የሐጂ ልጅ። ፓስዎርዱ በወረቀት ተጽፎ ከጠረጴዛው መስታወት ስር ተቀመጠ። ባለስሙ አባት ራሳቸው አንድ ቀን እንኳ ገብተውበት አያውቁም።

መነሻ ቆጠራ የሚገባበት ጊዜ ደረሰ። ከፒችትሪ የዕቃውን ዝርዝር አወጣን። እዚያ ሁሉም የተመዘገበው በካርቶን ነው፤ አዲሱ ሲስተም ግን አንድ ካርቶን ስንት ፍሬ እንደሚይዝ ይጠይቃል፣ ሱቅ በፍሬም ይሸጣልና። የአንዱን ሳሙና ለግዢ ክፍሉ ደወልንና «ካርቶኑ ስንት ነው?» አልን። «48» አለን። መጋዘን ውስጥ 320 ካርቶን ነበር። 320 ካርቶን፣ ባለ 48 ብለን መዘገብን። ወደ ቀጣዩ ዕቃ አለፍን። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብንም።

ሐምሌ 1 ቀን ሲስተሙ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ወር በደስታ አለፈ። ሐጂ በስልካቸው ሽያጩን እያዩ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። የወሩ ሪፖርት ሲወጣ ግን በቀይ የተጻፈ ነገር መጣ። ከመጋዘን ወደ ሱቅ በተላከውና ሱቅ በተቀበለው መካከል የ1,320 ፍሬ ሳሙና ጉድለት አለ። ልዩነቱ ከመጋዘን በኩል ነው። «ያወጣው» በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ የተጻፈው አንድ ስም ብቻ ነው፤ የእኚያ አባት ስም።

ሐጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ማሽን ያወጣው ወረቀት ሲያዩ ማንም ሰው ይደነግጣል። ስቶር ኪፐሩን ጠሯቸው። «ነገሩ እስኪጣራ ቁልፉን ለልጁ ያስረክቡ» አሏቸው። ሠራተኛው ሁሉ እያየ ነበር። አባታችን ምንም አልተናገሩም። ቁልፉን ከወገባቸው ፈተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ወጡ።

ያን ቀን ዒሻ ካሰገድን በኋላ እንቅልፍ አልመጣልንም። ላፕቶፑን ከፍተን ዝውውሩን መስመር በመስመር ማየት ጀመርን። ሱቆቹ የሚያስገቡት የቆጠሩትን ፍሬ ብቻ ነው፤ በስልጠና ላይ «የቆጠራችሁትን ብቻ አስገቡ፣ ሌላውን ሲስተሙ ያውቃል» ያልናቸው እኛው ነን። አንዱ መስመር ላይ አስር ካርቶን ተልኳል፤ ጉድለቱ 120 ነው። ሌላው ላይ አምስት ካርቶን፤ ጉድለቱ 60። በየካርቶኑ 12፣ በየካርቶኑ 12። 1,320 ለ12 ሲካፈል ልክ 110 ይመጣል። የሚሰርቅ ሰው ከ110 ካርቶን ከእያንዳንዱ እኩል 12 ፍሬ ቆጥሮ አይወስድም።

ከሱብሂ በኋላ እቤታቸው ሄድን። ቡና ቀርቦ ነበር። «ጋሼ፣ የዚያ ሳሙና ካርቶን ሁሉም ባለ 48 ነው ወይ?» ብለን ጠየቅናቸው። ተነስተው አሮጌ ደብተራቸውን አመጡ። ገጹን ገልጠው አሳዩን፤ «በር አጠገብ፣ አሮጌው፣ 110 ካርቶን፣ ባለ 36» ይላል። ፋብሪካው ቀደም ሲል 36 ነበር የሚያሽገው፤ በኋላ 48 አደረገው። እሳቸው አሮጌው ቀድሞ እንዲያልቅ ብለው ለብቻው በር አጠገብ ደርድረውታል። በመጀመሪያው ወር የወጣውም እሱ ነው። ምንም የጠፋ ነገር የለም። ከመጀመሪያው ያልነበረውን 1,320 ፍሬ ሲስተሙ ውስጥ የፈጠርነው እኛ ነን።

ከዚያ ያሉን እስከ ዛሬ ጆሯችን ላይ አለ። «ልጄ፣ ብትጠይቁኝ እኮ እነግራችሁ ነበር።»

ወደ ሐጂ ስንሄድ መንገድ ላይ ሸይጣን አልተወንም። «ሲስተሙ ነው የተሳሳተው» ብንል ማንም ያምነናል። ሰው ሁሉ አዲስ ሲስተም ይሳሳታል ብሎ ነው የሚጠብቀው። እኛም እንድናለን፣ እሳቸውም ነፃ ይወጣሉ፣ ማንም አይጎዳም ብለን አሰብን። ግን ሲስተሙ የነገርነውን ነው የተናገረው። በሰው ስም ገብተን የጻፍነው እኛ ነን። ለሐጂ እንዳለ ነገርናቸው። «መጋዘኑን አናውቀውም ነበር፤ የማናውቀውን ሥራ ተቀብለን ዝም አልን» አልናቸው።

ሐጂ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «እኔም አንተን የመረጥኩህ ስለምታውቅ አልነበረም፤ ሥራ ስለማያስፈታኝ ነበር» አሉ። ስቶር ኪፐሩን አስጠሩና ቁልፉን ሲቀበሏቸው ባየው ሠራተኛ ሁሉ ፊት መልሰው በእጃቸው ሰጧቸው፤ «አፉ ይበሉኝ» አሏቸው። እኛም «አፉ ይበሉን» አልናቸው። አላህ ይስጣቸው፣ አፉ አሉን።

ከዚህ በኋላ ይህ ጉዳይ የእኛ ብቻ ነው ወይ ብለን ማንበብ ጀመርን። ከእኛ በብዙ እጥፍ ትላልቅ የሆኑ መሥሪያ ቤቶች በዚሁ ጉድጓድ ወድቀዋል።

የካናዳ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2016 ፊኒክስ የተባለ የደመወዝ ሲስተም ጀመረ። ፊኒክስ ክላውድ አልነበረም፤ በሰው ምደባ በኩል ያለው ትምህርት ግን አንድ ነው። ያን ጊዜ ወደ 290,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ደመወዝ የሚሠራው በዚህ ሲስተም ነበር። ከዚያ በፊት በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠው ደመወዝ የሚሠሩ፣ የየቦታቸውን ልዩ አሠራር የሚያውቁ ባለሙያዎች ነበሩ። የ1,200 ያህሉ የሥራ መደብ ታጠፈ፤ ሥራው ሚራሚሺ በምትባል ከተማ በተከፈተ አንድ ማዕከል ለ550 ገደማ ሰዎች ተሰጠ። በዓመት 70 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ይቆጠባል ተብሎ ነበር። ሲስተሙ ሲጀምር ግን አንዱ ደመወዙ ቀረ፣ ሌላው ጎደለበት፣ ሌላው ደግሞ ከሚገባው በላይ ተከፍሎት በኋላ መልስ ተባለ። ነገሩን ለማስተካከል የወጣው ገንዘብ በቢሊዮን የሚቆጠር ሆነ። የሚያውቀውን ሰው ቀድመው ሸኙት፤ ጥያቄው ሲመጣ የሚመልስ ጠፋ።

በእንግሊዝ ደግሞ የበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤትን ታሪክ ተመልከቱ። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ኦራክል ፊውዥን የተባለውን የክላውድ ሲስተም ሥራ ላይ አዋለ። መጀመሪያ ወደ 19 ሚሊዮን ፓውንድ ይፈጃል የተባለው ወጪ ከ100 ሚሊዮን በላይ አሻቀበ። ሲስተሙ የባንክ ሒሳብ ማስታረቁን እንኳ በትክክል አልሠራም፤ ሰዎች ተቀጥረው በእጅ ማስተካከል ነበረባቸው። ምክር ቤቱ አሠራሩን ከሲስተሙ ጋር ከማስማማት ይልቅ ሲስተሙን ለራሱ አሠራር እንዲመች ለመለወጥ ሞከረ፤ ከላይ እንዳልነው የኪራይ ቤቱን ግድግዳ ማፍረስ ማለት ነው። ኦዲተሮች ካነሷቸው ድክመቶች አንዱ በምክር ቤቱ ውስጥ ሲስተሙን በሚገባ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። በመስከረም 2023 ምክር ቤቱ በጀቱን መሸፈን እንዳቃተው በይፋ አስታወቀ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ የዚያ ትልቁ ምክንያት የሴት ሠራተኞች የእኩል ክፍያ ዕዳ ነበር፤ የሲስተሙ ውድቀት ግን ቁስሉን አባሰው።

እንግዲህ ለነጋዴ አባቶችና ወንድሞች፣ ከራሳችን ጉዳት የተማርነውን እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ለፕሮጀክት ሰው ስትመርጡ «ማን ነፃ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ማን ሦስት ቀን ቢታመም ሥራው ይቆማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥራው የሚቆምበት ሰው እሱ ነው መመደብ ያለበት። ያማል፣ እናውቃለን። ነፃ የሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ነፃ የሆነው ሥራው በእሱ ላይ ስላልቆመ ነው።

ሁለተኛ፣ ያንን ሰው ስትመድቡ ሥራውን የሚሸፍን ምትክ ቅጠሩ። የምትኩን ደመወዝ ከሶፍትዌሩ ዋጋ ጋር አብራችሁ ቁጠሩት። ምትክ ሳይኖረው «ፕሮጀክቱንም ሥራህንም ሥራ» የተባለ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል። የሐጂ ልጅ ቀን መኪና ሲጭን ውሎ ማታ የአማካሪዎቹን ጥያቄ ሳያነብ «እሺ» ብሎ ይመልስ ነበር። በልጁ አልፈረድንም፤ ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ኮምፒውተር አለማወቅ ሥራን አለማወቅ አይደለም። መክተብን በሁለት ሳምንት ማስተማር ይቻላል። 22 ዓመት ግን በሁለት ሳምንት አይማሩትም። አዛውንቱ ይናገሩ፣ ወጣቱ ይክተብ።

አራተኛ፣ ከአማካሪ ጋር ስትዋዋሉ የድርጅቱን ስም ብቻ አትዩ። ውሉ ላይ የሚመጡት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ይጻፍ። ለሽያጭ ልምድ ያለውን ልኮ ለሥራ ጀማሪውን መላክ በዚህ ሙያ የተለመደ ነው። የሚመጣውን ሰው አነጋግሩት፤ የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 እንደሚጀምር፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ እንደሆነ፣ የሀበሻ ስም በአያት ተራ እንጂ በቤተሰብ ስም እንደማይጻፍ ያውቃል ወይ? የሰዉን ጊዜም ይወቅ። የእኛ ፕሮጀክት ላይ የዳታ ማጥሪያው ስብሰባ የተያዘው በረመዳን የመጨረሻዎቹ አስር ቀናት ነበር። ግማሹ ሰው ኢዕቲካፍ ገብቶ ነበር፤ ስብሰባው የተደረገው ማወቅ የነበረባቸው ሰዎች በሌሉበት ነው።

አምስተኛ፣ አንድ ሰው አንድ ዩዘርኔም። በዚህ አትቆጥቡ። በሰው ስም ገብቶ መጻፍ በሰው ስም ከመፈረም አይለይም። ገንዘብ ካነሰ የተጠቃሚውን ሥራ አስተካክላችሁ ቀንሱ እንጂ ስም አታጋሩ።

ስድስተኛ፣ ሲስተሙ ሥራ የጀመረ ቀን ፕሮጀክቱ አልቋል አትበሉ። ክላውድ ላይ ያለ ሶፍትዌር ሻጩ በየጊዜው ያድሰዋል፤ ለምሳሌ ኦራክል በየሦስት ወሩ ነው የሚያድሰው። እድሳቱ ሲመጣ ሥራችሁን እንዳያበላሽ አስቀድሞ የሚፈትሽ፣ ስሙና ሰዓቱ የታወቀ ሰው ከውስጥ ይኑራችሁ።

አሁን ወደ እናንተ ወጣቶች እንምጣ። «ፕሮግራም መጻፍ ካልቻልኩ በዚህ መስክ ቦታ የለኝም» የምትሉ አላችሁ። እንዲህ አይደለም። ከላይ ያነበባችሁትን አስታውሱ፤ የእኛን ፕሮጀክት የጣለው የኮድ ስህተት ሳይሆን ማንም ያልጠየቀው አንድ ቁጥር ነው። በእንዲህ ያለ ፕሮጀክት ውስጥ ዳታ የሚያጠራ፣ ሲስተሙን በእውነተኛ ሰነድ የሚፈትሽ፣ ተጠቃሚውን የሚያሠለጥን፣ የሥራውን ሂደት ከሠራተኛው ሰምቶ ለቴክኒክ ሰዎች የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። አካውንቲንግ የተማረች እህት የግዢን መንገድ ከጥያቄው እስከ ክፍያው ድረስ ጠንቅቃ ካወቀች ለብዙ ድርጅት ከፕሮግራመር እኩል ትፈለጋለች። ለመማር ደግሞ በር ተከፍቷል። ማይክሮሶፍት ለርን ላይ ትምህርቱ በነፃ ነው። ኦዱ የተባለው ሶፍትዌር ኮሚዩኒቲ የሚሉትን ዓይነት በነፃ ይሰጣል፤ በላፕቶፓችሁ ጭናችሁ የአባታችሁን ሱቅ ዕቃ እየመዘገባችሁ ተለማመዱበት። ግን መጀመሪያ ወደ መጋዘኑ ግቡ። ካርቶኑን ክፈቱ። ቁጠሩ።

አንድ ነገር ደግሞ እንለምናችሁ። የማታውቁት ቦታ ላይ ስትመደቡ «አላውቅም» በሉ። በመድረሳ ሳለን አማናን ስንማር ገንዘብ ስለመጠበቅ ብቻ ይመስለን ነበር። ሥራን ለመሸከም አቅም ሳይኖር መቀበልም አማናን እንደሚነካ የገባን ያ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ነው። ታማኝ መሆናችንን ሁሉም መስክሮልን ነበር፤ ግን ሥራውን አናውቅም፣ ሰው የጎዳነውም ሳንሰርቅና ሳንዋሽ ነው።

አሁን ነገሩ ተስተካክሏል፣ አልሐምዱሊላህ። ሐጂ ለመጋዘኑ ምትክ ሠራተኛ ቀጥረው ስቶር ኪፐሩን ለስድስት ሳምንት ለፕሮጀክቱ ለቀቋቸው። ያቺ የሽያጭ እህት አጠገባቸው ቁጭ ብላ ትከትባለች፤ እሳቸው ደብተራቸውን ይዘው ይናገራሉ። በዚህ መልኩ ዕቃው ሁሉ እንደገና ተቆጠረ። ካርቶኑ የተለያየ የሆነበት ሌላ ዕቃም ተገኘ፤ እንደ ሳሙናው ሌላ ሰው ላይ ጣት ሳያስጠቁም ታረመ። የጎደሉት አራት ዩዘርኔሞችም ተገዙ።

እኛስ? ከመጋዘኑ ቦታ ራሳችንን አነሳን። የተሰጠን ሥራ ማሠልጠን ነው፤ እሱን እናውቀዋለን። ልጅ ሉሑን ይዞ መጥቶ የተማረውን መልሶ ካላስደመጠ ወደ ቀጣዩ አይሻገርም። ሠራተኛውንም እንደዚሁ አደረግነው። «ገብቶሃል?» ብለን አንጠይቅም፤ «እስቲ ሠርተህ አሳየን» ነው የምንለው። ስቶር ኪፐሩ የራሳቸውን ፓስዎርድ ለመልመድ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። በአራተኛው ቀን ብቻቸውን ገቡ፤ አንድ ዝውውር መዘገቡ፤ «ያወጣው» የሚለው ላይ ስማቸውን አዩት። መነጽራቸውን አስተካክለው ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱትና «ይኸኛውስ የኔ ነው» አሉ።

ወንድሞችና እህቶች፣ በእናንተ ድርጅት ወይም ቤተሰብ እንዲህ ያለ ሥራ የታሰበ ከሆነ የሰዎቹን ዝርዝር ዛሬ አውጡና በየስሙ ፊት አንዲት ጥያቄ ጻፉ፤ ይህ ሰው የተመረጠው ስለሚያውቅ ነው ወይስ ስለተገኘ? ዝርዝሩ ውስጥ የሌሉትን አዛውንትም ሄዳችሁ ጠይቋቸው። ይነግሯችኋል።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት፣ የማያውቁትንም አናውቅም ከሚሉት ያድርገን። ጽሑፉ ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው አድርሱልን።